በደን ውስጥ መዝናናት፦ ጥቅሙ፣ አደጋውና ከእግራችን ሥር ያለው ፊዚክስ

በበዓልም ሆነ በዕረፍት ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር መዋል ለኅብረተሰባችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጠበል ጉዞ፣ በየደብሩ ዙሪያ ያለው የጽድና የወይራ ጥላ፣ የትምህርት ቤት ሽርሽር፣ ሁሉም ሰውንና ደንን ሲያገናኙ የኖሩ ልማዶች ናቸው። አዲስ የሆነው የሰዉ ብዛት ነው። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ በአብዛኛው ሯጮች፣ ምእመናንና እንጨት ለቃሚዎች ይመላለሱበት የነበረው ተራራ የብዙ ቤተሰቦች መዝናኛ ሆኗል። ይህ መልካም ዜና ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ደኑ ይህን ሁሉ እግር ይችላል ወይ? እኛስ ደኑ ውስጥ ስንገባ ምን ምን ልናውቅ ይገባናል?

በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የምንፈልገው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ፊዚክስ ነው። ግፊት፣ እፍግታ፣ ስውር ሙቀት፣ የፈሳሽ ፍሰት የሚሉት ርእሶች በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። በእነርሱ አማካይነት እንደምናየው፣ በደን መዝናናት ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች ዋነኛው ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነው፤ የሚደርሰውም ከእግራችን ሥር ባለው አፈር ላይ ነው። መፍትሔውም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው።

ደኑ የሚሰጠን

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ዛፍ ጥላ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ተን ለውጦ ያወጣል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለመትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ትልቅ ዛፍ በአንድ ቀን 50 ሊትር ውሃ አተነነ እንበል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት 122.5 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህን በ12 የቀን ሰዓታት፣ ማለትም በ43,200 ሰከንድ ብናካፍለው 2,800 ዋት ገደማ እናገኛለን፤ አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚፈጀው ጥቂት ያነሰ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ሙቀት የሚጨምር ሲሆን ዛፉ ግን ይህንኑ ያህል ሙቀት ከአካባቢው እየወሰደ በተኑ ውስጥ መሰወሩ ነው። ደን ውስጥ ስንገባ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከጥላውና ከዚህ ትነት የሚመጣ ነው።

ስለ ጤና የተደረጉ ጥናቶችም አሉ። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ መርምረው ነበር። በመስኮታቸው ዛፎችን ይመለከቱ የነበሩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ሲተኙ፣ የጡብ ግድግዳ ይመለከቱ የነበሩት 8.70 ቀን ተኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ከእንግሊዝ 20,000 ያህል ሰዎች የተሰበሰበ መረጃን የተጠቀመ ጥናት ደግሞ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ አካባቢ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚገልጹ አሳይቷል።

የሳይንስ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። የመጀመሪያው ጥናት በአንድ ሆስፒታልና በጥቂት ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጤነኛ ሰው ከታመመው ይልቅ ወደ ደን መውጣት ይቀለዋልና። እንዲያም ሆኖ መራመድ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥታ የሚሰጡትን ጥቅም የሚክድ የለም። የአገራችን የረጅም ርቀት ሯጮች የእንጦጦን ዳገት የመረጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ 75 በመቶ፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሚገኝ ሰውነት ኦክስጅንን በቁጠባ መጠቀምን ይለማመዳል።

እግር ለአፈር ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የ60 ኪሎ ግራም ሰው ክብደት 600 ኒውተን ገደማ ነው። በሚራመድበት ጊዜ አንድ እግሩ ብቻ መሬት የሚነካበት ቅጽበት አለ። ያ እግር ሙሉ በሙሉ ሲያርፍና የጫማው ሶል ስፋት 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግፊቱ 40,000 ፓስካል ይሆናል። መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ተረከዝ ነው። የተረከዙ ስፋት 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ 200,000 ፓስካል ይደርሳል። ይህ ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው! «በእግሬ ብሄድ ምን እጎዳለሁ?» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ልብ ቢል ይጠቅመዋል።

ይህ ግፊት የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ጤናማ የደን አፈር በአብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። የአፈር ጠጣር ቅንጣቶች እፍግታ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.65 ግራም ነው። ከደን ወለል ተቆርጦ የደረቀ አፈር ግን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ጠጣሩ ከጠቅላላው ይዘት 38 በመቶውን ሲይዝ የቀረው 62 በመቶ ክፍተት ነው ማለት ነው። በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ አየር፣ ውሃ፣ የምድር ትሎችና የዛፍ ጭራ ሥሮች ይኖራሉ። ይህ አፈር ተረግጦ እፍግታው ወደ 1.4 ግራም ከፍ ቢል ክፍተቱ ወደ 47 በመቶ ይወርዳል።

ከ62 ወደ 47 መውረድ ብዙም የማያስደነግጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመረገጥ መጀመሪያ የሚጠፉት ትልልቆቹ ክፍተቶች ናቸው፤ ውሃ በፍጥነት የሚሰርገውም በእነርሱ በኩል ነው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚመጣጠን የፏዜይ ሕግ ይነግረናል። ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ በቱቦው የሚያልፈው ውሃ በግማሽ ሳይሆን ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። የተረገጠ አፈር ዝናብ መምጠጥ የሚያቆመው ስለዚህ ነው። ሥሮችም አየር ያጣሉ፤ በመንገዱ ዳር ያለ ዛፍ ማንም ሳይቆርጠው ከሥሩ መድከም ይጀምራል።

ከእግር መንገድ እስከ ከተማ ጎርፍ

ውሃው ወደ መሬት ካልሰረገ ወዴት ይሄዳል? አንድ ሜትር ስፋትና አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የእግር መንገድ 1,000 ካሬ ሜትር ነው። በክረምት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት በመንገዱ ላይ ብቻ የሚያርፈው ውሃ 30,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር 150 በርሜል ይሞላል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ይህ ውሃ እየፈጠነ ይሄዳል። የሚፈስ ውሃ ሊያንከባልለው የሚችለው የትልቁ ድንጋይ መጠነ ቁስ በግምት ከውሃው ፍጥነት ስድስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው 64 ጊዜ የሚከብድ ድንጋይ ይነቅላል ማለት ነው። በአንድ ክረምት የእግር መንገድ ቦይ፣ በጥቂት ዓመታት ደግሞ ቦረቦር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእንጦጦ ጉዳዩ የሚያሳስበው ተራራው የከተማይቱ ራስጌ ስለሆነ ነው። የቀበናና የቀጨኔ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። ከላይ ያልሰረገ ውሃ ከታች ጎርፍ ይሆናል፤ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖሩትን ነው። በሌላ በኩል የሰረገው ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። የደኑ አፈር ለአዲስ አበባ እንደ ማጠራቀሚያ ጋን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ረገድ ደኖች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ልብ እንበል። በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውና በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን፣ ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ቁጥቋጦ፣ ሣርና ወፍራም ብስባሽ አለው። ይህ ንጣፍ የዝናብን ጠብታ ያበርዳል፤ የእግርንም ግፊት ያከፋፍላል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባው ባሕር ዛፍ የተሸፈነው የእንጦጦ ክፍል ግን ብዙ ቦታ ላይ ሥሩ የተራቆተ ነው፤ ቅጠሉም ለማገዶ ሲጠረግ ኖሯል። ስለዚህ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለእግር ያለው ትዕግሥት ከመናገሻ ያነሰ ነው።

እንበተን ወይስ እንሰብሰብ?

ብዙ ሰው «ሁላችንም በአንድ መንገድ ከምንረግጥ ብንበታተን ጉዳቱ ይቀንሳል» ብሎ ያስባል። ነገሩ የሚመስል ቢሆንም ትክክል የሚሆነው ጉዳቱ ከእርምጃው ቁጥር ጋር በቀጥታ የሚጨምር ቢሆን ነበር። ዴቪድ ኮልና ኒል ቤይፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የሚለካ አንድ ወጥ ዘዴ አቅርበው ነበር። በዘዴው መሠረት በተለያዩ መስመሮች ላይ 25፣ 75፣ 200 እና 500 ጊዜ ይረገጣል፤ ያልተረገጠ መስመርም ለማነጻጸሪያ ይተዋል። በዚህ ዓይነት ሙከራዎች በተደጋጋሚ እንደ ታየው፣ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በፍጥነት ይጨምርና በኋላ ይዘገያል። ተክሉ ከጠፋና አፈሩ ከታጨቀ በኋላ አንድ ሺህኛው ሰው የሚጨምረው ጉዳት ትንሽ ነው። ከመንገዱ ወጥቶ በሣሩ ላይ የሚሄደው የመጀመሪያው ሰው ግን ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው። መንገድ የደኑ ቁስል ቢሆንም፣ አንድ የታከመ ቁስል ከመቶ አዳዲስ ቁስሎች ይሻላል። ብዙ ሕዝብ በሚገባበት ደን ሰው ሁሉ በተመረጠ፣ ጠጠር ወይም ድንጋይ በተነጠፈበት፣ ተዳፋቱን አግድም እየተጠማዘዘ በሚወጣ መንገድ ሊሄድ ይገባል። በየጥቂት ሜትሩ ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ እርከን ወይም ግንድ ቢጋደም ውሃው ፍጥነት ሳያገኝ ወደ ደኑ ይበተናል። እግር ይሰብሰብ፣ ውሃ ይበተን፤ የደን መንገድ ሥራ ጠቅላላ ሐሳብ ይኸው ነው። ጭቃ ለመሸሽ ከመንገዱ ዳር ዳር መሄድና ጥምዝን ቆርጦ ቁልቁል መውረድ ሁለቱም ይህን የሚያፈርሱ ልማዶች ናቸው።

ይህን ስንል መንገዱ የመዝናኛ ብቻ አለመሆኑን መዘንጋት የለብንም። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ከጎብኚው አስቀድሞ የነበሩት በጀርባቸው ከባድ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችና እኅቶች ናቸው። ለእነርሱ ደኑ እንጀራ ነው። የመዝናኛ ደን ገቢ የሥራ ዕድል ሆኖ ወደ እነርሱ ካልደረሰ፣ ጥበቃውም ፍትሐዊ አይሆንም፤ ፍትሐዊ ያልሆነ ጥበቃ ደግሞ አይዘልቅም።

ጎብኚው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ

ደን ለጎብኚውም የራሱ አደጋዎች አሉት። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

ሀ. መብረቅ። በደጋችን ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። መብረቅ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለውን ነገር ይመታል። እርጥብ የሆነው የሰው አካል ከእንጨት የተሻለ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ፣ ከተመታው ዛፍ ግንድ ወደ ተጠለለው ሰው ሊዘል ይችላል። በተጨማሪ ጅረቱ በመሬት ላይ ሲሠራጭ በሁለት እግሮች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ እግሮቹ በተራራቁ መጠን ልዩነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ብቻውን ከቆመ ወይም ከሌሎቹ ከሚረዝም ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዶችን እንቁጠር፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ ካነሰ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል።

ለ. የሚወድቅ ቅርንጫፍ። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በመጣል የታወቀ ነው። ከ20 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር የአየርን መቋቋም ካልቆጠርን መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነፋስ በዛፍ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚጨምር፣ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ነፋስ ሲበረታ ከደረቁ ቅርንጫፎች ሥር ምንጣፍ አንጥፎ መቀመጥ አደገኛ ነው።

ሐ. እሳት። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ሲንዮል 49 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ከእሳት ጋር ከተገናኘ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። የሚላጠው ደረቅ ልጥም ፍሙን ይዞ በነፋስ ይበራል። እሳት ወደ ላይ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ነዳጅ አስቀድሞ ስለሚያሞቀው፣ በልምድ በታወቀው ስሌት መሠረት ተዳፋቱ በየ10 ዲግሪ ሲጨምር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ዳገት ላይ በሜዳ ካለው አራት እጥፍ ይሮጣል። ስለሆነም ከእሳት ወደ ዳገት መሸሽ አይገባም፤ ወደ ጎን ነው የሚሸሸው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደረሱት ቃጠሎዎች የተራራ እሳት አንዴ ከተነሣ ለመግታት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አሳይተውናል። በበጋ ቡና ለማፍላት የሚለኮስ ከሰል፣ ያልጠፋ የሲጋራ ቁራጭ፣ ሁሉም የዚህ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

መ. ፀሐይና ከፍታ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን ቆዳችን ሲቃጠል አይታወቀንም። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ በቅርቡ የመጣ እንግዳ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገቱን ቀስ ብሎ ቢወጣ መልካም ነው።

ሠ. ድምፅ። ይህኛው እኛ በሌላው ላይ የምናደርሰው ነው። ከአንድ ማጉያ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰማ ሙዚቃ፣ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል እየቀነሰ በ100 ሜትር ላይ 50 ዴሲቤል ይሆናል፤ ዛፎቹ የሚውጡት ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህም ለጉሬዛውና ለምኒልክ ድኩላ መባረር፣ ለሌላው ጎብኚ የመጣበትን ጸጥታ መነጠቅ ነው።

ራሳችሁ ሞክሩት

የተባለውን ሁሉ ከማመን በፊት መለካት የሳይንስ ወግ ነው። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ፣ ወይም በጠባቂዎች ፈቃድ በአቅራቢያችሁ ባለ ደን፣ ይህን ሥሩ። ሁለቱም አፎቹ የተከፈቱ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውሰዱ፤ ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ ተጠንቀቁ። ቆርቆሮውን በእግር መንገዱ መካከል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት አስገቡ። ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ እስኪሰርግ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ለኩ። ከዚያ ከመንገዱ አምስት ሜትር ርቃችሁ ይህንኑ ድገሙ። በየቦታው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። የሁለቱ ጊዜያት ንጽጽር መንገዱ ምን ያህል ውሃ የመምጠጥ ችሎታ እንዳጣ ይነግራችኋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከነጋላቢው 360 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ክብደቱ በሁለት ኮቴዎች ላይ እኩል ቢያርፍና የእያንዳንዱ ኮቴ ስፋት 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ ስንት ነው? ከሰው ተረከዝ ጋር አነጻጽሩ።
2. ብልጭታ ከታየ ከ9 ሰከንድ በኋላ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ ምን ያህል ይርቃል? ምን ማድረግ ይገባል?
3. በመንገድ ላይ የሚወርድ ውሃ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ መጠነ ቁስ በስንት እጥፍ ይጨምራል?

መልስ፦ 1) 225,000 ፓስካል፤ ከሰው ተረከዝ ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ለፈረስ የተለየና የጠነከረ መንገድ ያስፈልጋል። 2) 3 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ሳይዘገዩ ወደ መጠለያ መግባት። 3) 729 እጥፍ።

ከሦስተኛው መልስ እንደምንረዳው፣ በደን መንገድ ላይ የተጋደመ አንድ ግንድ ትንሽ ነገር አይደለም። የውሃውን ፍጥነት ሰብሮ ወደ ዛፎቹ ይመልሰዋል። ጎብኚውም ከመንገዱ ባለመውጣት የበኩሉን ካደረገ፣ ደኑ እኛንም ከእኛ በኋላ የሚመጡትንም ማስተናገድ ይችላል።